ነቀዝ ከፍዬ ቤቴ አስገባሁ

ባለቤቴ ዕድሜዋን ሙሉ ከነቀዝ ጋር ስትዋጋ የኖረች ሴት ናት። ስንዴውን ታበጥራለች፣ ፀሐይ ላይ ታሰጣለች፣ ጆንያውን ታራግፋለች። እኔ ባሏ ደግሞ ባለፈው የካቲት 1,200 ብር ከፍዬ እህል የሚበላ ትል በሳጥን አንጠልጥዬ ገባሁ።

«አንተ ሰውዬ፣ ደህና ነህ?» አለችኝ። «እኔ ስለቅም የኖርኩትን አንተ በብር ትገዛዋለህ?»

እውነቷን ነው። ሚልዎርም የሚባለው ይህ ትል የአንድ ጥቁር ጥንዚዛ እጭ ነው። ከድሮም የሚታወቀው በዱቄትና በእህል ተባይነቱ ነው። ዛሬ ግን ሰው ለወፍ፣ ለዓሣ፣ ለዶሮ ብሎ ያረባዋል። የአውሮፓ ኅብረትማ በፈረንጆቹ 2021 ደርቆ ለሰው ምግብነት እንዲሸጥ ፈቅዷል። ይህችን የመጨረሻዋን ቤት ውስጥ ባላወራት ይሻለኝ ነበር።

የገዛሁት ለወፎች ነው። ቤታችን ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ሲወረድ ነው፤ ጠባብ ግቢ፣ አንድ ያረጀ ወይራ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ሻይ ይዤ እቀመጣለሁ። የዳቦ ፍርፋሪ ስበትን የሚመጡት ድንቢጥና ርግብ ብቻ ናቸው። ልቤን የወሰደው ግን ሌላ ነው። ራሱ ጥቁር፣ ቅንድቡ ነጭ፣ ደረቱ ብርቱካናማ የሆነ፣ ጎህ ሲቀድና ሲመሽ የሚዘምር ወፍ። ፈረንጆቹ ሩፐልስ ሮቢን ቻት ይሉታል። ዳቦዬን ዞር ብሎም አያየው። ነፍሳት ነው የሚበላው።

ሻጩን በቴሌግራም አገኘሁት። አራት ኪሎ ሐውልቱ አጠገብ ተገናኘን፤ ትሑት ልጅ ነው። «ጋሼ፣ በሦስት ወር ውስጥ ትል አምራች ይሆናሉ» አለኝ። በፌስታል ያስረከበኝ ሁለት የፕላስቲክ ሳጥን፣ አንድ ኪሎ የሚሆን ፉርሽካ፣ 300 ትልና አንድ ገጽ መመሪያ ነው።

ከትሉ ልጀምር፤ ምስጋና የሚገባው እሱ ስለሆነ። ትሪ ላይ ዘርግፌ ቆጠርኩ። 318 ነበር፤ የሞተው ዘጠኝ ብቻ። በዚህ ዘመን ከተባለው በላይ የሚሰጥ ነጋዴ አይቼ አላውቅም። ትሎቹ ጤነኞች ናቸው፣ ወርቅማ፣ ሲነኳቸው የሚንፈራገጡ። ሳጥኑም ግድግዳው ለስላሳ ስለሆነ አንዲትም ወጥታ አታውቅም። ለስላሳ ነገር ላይ መውጣት አይችሉም።

ክዳኑ ነው ጉዱ። በጋለ ሚስማር የተበሳ አሥር ቀዳዳ ብቻ አለው። ትል ይተነፍሳል፣ የምትሰጠውም ካሮት እርጥበት አለው፤ ያ ሁሉ እንፋሎት የት ይሂድ? በሁለተኛው ሳምንት ከክዳኑ ሥር ጠብታ ማየት ጀመርኩ። እኔም ጥፋት አለብኝ፤ ድንች በወፍራሙ ቆርጬ ረስቼው አደርኩ። ፉርሽካው ጥግ ጥጉን ሻገተ። ከዚያ አንድ ቀን የሳጥኑ ጠርዝ ላይ ዱቄት መሰል ነገር አየሁ። መነጽሬን አድርጌ ጠጋ አልኩ። ዱቄቱ ይራመዳል! ቅንቅን የመሰለ ረቂቅ ተባይ ነው፤ እርጥበት ካገኘ ፉርሽካ ውስጥ ይራባል። ትሎቹን አንድ በአንድ ለቀምኩ፣ ፉርሽካውን ከግቢ አውጥቼ አቃጠልኩ፣ ሳጥኑን በፈላ ውኃ አጠብኩ። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። አንዲት ቃል አልተናገረችም። ያ ከስድብ ይብሳል።

ከዚያ ወዲህ የክዳኑን መሐል በቢላዋ ቆርጬ አሮጌ ወንፊት ለጠፍኩበት። ጠብታም ሻጋታም ቀረ። ካሮቱንም በስሱ ነው የምቆርጠው፤ በማግስቱ ጠዋት የተረፈውን አወጣለሁ። አትክልት ተራ ከፒያሳ ከተነሳ ወዲህ ካሮት የምገዛው ሰፈር ከጉሊት ነው፤ ለትል መሆኑን ስላልተናገርኩ ባለ ጉሊቷ ጥሩ ጥሩውን ትመርጥልኛለች። ለፉርሽካ ሾላ ገበያ እሄዳለሁ። ባለ መኖው «ፉርሽካ ነው ፉርሽኬሎ? ለላም ነው ለዶሮ?» ሲለኝ «ለዶሮ» እላለሁ። ሰላም ይሻላል።

አሁን ወደ መመሪያው እንምጣ። የዚህ ዕቃ ትልቁ ጉድለት እሱ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ችግሩ አዲስ አበባን አያውቃትም። ትሉ የሚወደው ሙቀት ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ነው። በዚያ ሙቀት ከእንቁላል እስከ ጥንዚዛ በጥቂት ወራት ይደርሳል። እኛ ያለነው ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ሳሎናችን ውስጥ ቴርሞሜትር ሰቀልኩ፤ ሌሊት 14 ዲግሪ ወረደ። በዚያ ብርድ ትል አይሞትም፤ ዝም ብሎ ይቀመጣል። እንደ ቢሮ ሠራተኛ።

ሳጥኑን ፍሪጅ አናት ላይ፣ ከወደ ኋላ ሞተሩ የሚሞቅበት ጋ ወሰድኩት። 20፣ አንዳንዴ 21 ዲግሪ ሆነልኝ። ፍሪጃችን ደግሞ እንደ ብዙ ሰው ቤት ሳሎን ነው ያለው። ትል ፉርሽካ ውስጥ ሲርመሰመስ ድምፅ አለው፤ ቆርቆሮ ላይ እንደሚያካፋ ዝናብ ዓይነት፣ ቀስ ያለ። የፋሲካ ለት እንግዶች ቡና ይዘው ቁጭ ብለዋል፤ አንዷ የባለቤቴ ዘመድ ጆሮዋን አቅንታ «ዝናብ ጀመረ እንዴ?» አለች። «ፍሪጁ ነው» አለች ባለቤቴ ፈጠን ብላ። ያን ቀን አዳነችኝ።

ከፋሲካ በኋላ ትሎቹ ወደ ፑፓ መቀየር ጀመሩ፤ ትሉ ጥንዚዛ ከመሆኑ በፊት የሚያልፍበት ደረጃ ነው። ፑፓው ነጭ ነው፣ እግሩ ደረቱ ላይ ተጣጥፎ፣ የተገነዘ የመሰለ። አይበላም፣ አይሄድም። ሞቷል ብለህ ስትነካው ጭራውን ይጠመዝዛል። ማታ ማታ በሻይ ማንኪያ እየለቀምኩ ወደ ሁለተኛው ሳጥን አዛውር ነበር፤ ካልለየሃቸው ትሎቹና ጥንዚዛዎቹ ይበሏቸዋል። አንድ ምሽት አንዱ ጀርባው ላይ ሲሰነጠቅ ደረስኩበት። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። የወጣው ጥንዚዛ ወተት የመሰለ ነጭ ነው፣ ራሱ ብቻ ቀላ ብሎ። በማግስቱ ቡናማ ሆነ፣ በሳምንቱ ጥቁር። ዜናው አመለጠኝ፣ ግድም አልሰጠኝ።

አንዲት ሴት ጥንዚዛ በሕይወቷ በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ፉርሽካ ስለሚለጠፍበት በዓይን አይታይም። ሰኔ ላይ ፉርሽካው ራሱ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ክር የሚያህሉ ግልገል ትሎች። ሐምሌና ነሐሴ ግን ምንም የለም። ብርዱ፣ ዝናቡ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚቀዘቅዘው ፍሪጅ። ትሎቹ የሚያድጉ አይመስሉም። የመጀመሪያውን የራሴን ትል ለወፍ የሰጠሁት ጥቅምት አጋማሽ ላይ ነው። ስምንት ወር! ልጁ ጋ ደውዬ «ሦስት ወር ያልከው የት አገር ነው?» ብለው ሳቀ። «ጋሼ፣ ወረቀቱን ከኢንተርኔት ነው የተረጎምኩት» አለኝ። ታማኝነቱን ወደድኩት። እንዲያስተካክለው ነግሬዋለሁ።

ወረቀቱ የዘለለው ሌላም ነገር አለ። ትኩስ ትል ከመቶ 20 ገደማ ፕሮቲን አለው፤ ካልሲየሙ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጫጩት የምታሳድግ ወፍ እሱን ብቻ ካቀረብክላት የጫጩቶቹ አጥንት ይጎዳል። መፍትሔው የእንቁላል ቅርፊት አድርቆ፣ አልሞ ፈጭቶ ትሉ ላይ መነስነስ ነው። ቅርፊቱን ቀደም ብዬ ላጠራቅም ብል እኛ ሁዳዴ ላይ ነን፤ ቤታችን እንቁላል አይሰበርም። ሙስሊም ጎረቤታችንን ለመንኩ። እነሱም ረመዳን ላይ ነበሩ፤ ግን ማታ ማታ ይሰበራል። ለምን እንደፈለግኩት ስነግራት እስክትወድቅ ሳቀች፤ ሆኖም በየጠዋቱ በአጥር በኩል አንድ ፌስታል ቅርፊት አይቀርም ነበር።

ወፉስ? የመጀመሪያው ቀን የሲኒ ማስቀመጫ ላይ አሥር ትል አድርጌ የግንቡ አናት ላይ አኖርኩ። ድንቢጦቹ ቀደሙ፣ ሦስቱን ወሰዱ። ሻዬ ቀዘቀዘ። ከዚያ ከወይራው ሥር ጨለማው ውስጥ ብርቱካናማ ነገር ብልጭ አለ። ወርዶ ቆመ፣ አየኝ፣ ጭራውን ነቀነቀ። አንዷን አንስቶ ግንቡ ላይ ሁለቴ ቸብ ቸብ አደረጋትና ዋጠ። ሁለተኛዋን አልዋጣትም፤ አንድ ሌላ ጨምሮ ሁለቱንም በምንቃሩ ይዞ ወደ ጎረቤት ግቢ ሄደ። አሁን ሳህኑን ሳስቀምጥ ከአራት ሜትር አይርቅም። በቀን ከአሥር አሥራ አምስት አላሳልፍም፤ የቀረውን ራሱ ይፈልግ።

እና ይገዛል ወይ? ግቢ ላለው፣ ትዕግሥት ላለው ሰው አዎ። ዱቄትና እህል ከሚቀመጥበት ጓዳ ግን አርቁት፤ አቧራው የሚያስነጥሰው ሰውም አለ፣ ሳጥኑን ውጭ ክፈቱት። እኔ ሁለተኛ አልገዛም፤ አያስፈልገኝም፣ ካሁን በኋላ ራሱን ይተካል። እንደ አሸዋ የሚረግፈው ኩሱም ጎመኑ ሥር ጥሩ ፍግ ሆኖልኛል። 1,200 ብሩን ለትሉ እንደከፈልኩ ነው የምቆጥረው። ሳጥኑን ከመርካቶ በርካሽ ታገኙታላችሁ። ክዳኑን ቆርጣችሁ ወንፊት ለጥፉበት። አሮጌ ወንፊት። አዲሶቹን ባለቤቴ ቆጥራቸዋለች።