የባራክ ፊት ወይስ የሬድፈርን ግድግዳ

በአውስትራሊያ ከተሞች የአቦርጂኖችን (የአገሩን ነባር ሕዝቦች) ጥበብና ታሪክ ከግንባታ ጋር ለማዋሐድ ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ ምስሉን በሕንጻው አካል ላይ መቅረጽ፣ ሌላው የሰፈሩን ግድግዳ ለነዋሪው ትረካ መልቀቅ ነው።

በሜልቦርን ስዋንስተን ጎዳና እ.ኤ.አ. በ2015 የተጠናቀቀው የመኖሪያ ሕንጻ ለመጀመሪያው ምሳሌ ይሆናል። ነጫጭ የበረንዳ ከለላዎቹ እየጠበቡና እየሰፉ ከአቦርጂኖቹ አንዱ የሆነው የዉሩንጄሪ ሕዝብ መሪ የነበሩትን የዊልያም ባራክን ፊት ይሠራሉ፤ ከቅርብ ሲታዩ ግን ሞገድ መሳይ መስመሮች ብቻ ናቸው፣ ፊቱ የሚገለጠው ራቅ ብሎ ለቆመ ሰው ነው። ዘዴው ያስደንቃል። ሆኖም ባራክ ለአቦርጂኖች ተከልሎ የነበረው የኮራንደርክ መሬት ከሕዝባቸው እንዳይነጠቅ ለዓመታት የተሟገቱ ሰው ስለነበሩ፣ መልካቸው ለገበያ የቀረቡ አፓርታማዎች ጌጥ መሆኑ ቅሬታ ማስነሣቱ አይገርምም።

በሲድኒ ሬድፈርን ባቡር ጣቢያ አጠገብ በ1983 የተሣለው የግድግዳ ሥዕል በሥነ ሕንጻ ረገድ ከዚህ ጋር አይወዳደርም፤ ተራ ግንብ ላይ ያረፈ ቀለም ነው፣ ቀለም ደግሞ ይለቃል፣ በ2018ም መታደስ አስፈልጎታል። ነገር ግን የሰፈሩ የራግቢ ቡድን ሳይቀር ተሥሎበታልና ነዋሪው የራሱን ሰዎች ያይበታል። ለማኅበረሰብ አዳራሽ የትኛው ይመረጥ ቢባል የሬድፈርኑን አስቀድማለሁ፤ የእድሳቱ በጀት ግን ከመጀመሪያው በውል መያዝ ይኖርበታል።