አዳማ ላይ ያሠራሁት የኮምባይነር ማጨጃ ተሳቢ

4.5 ሜትር የሚሰፋ ማጨጃ ከኮምባይነሩ (ከእህል ማጨጃና መውቂያ ማሽኑ) ፊት እንደተገጠመ አስፋልት ላይ ማውጣት ሁሌ ያስጨንቀኝ ነበር። ስንዴ ለማጨድ ወደ አርሲ ኢተያ ስንወጣ ከፊት የሚመጣ ሲኖትራክ መንገድ አይለቅም። ዘንድሮ ወደ ወንጂ መውጫ ያለ ብየዳ ቤት ተሳቢ አሠራሁ፤ ማጨጃው ተፈትቶ ርዝመቱ በመንገዱ አቅጣጫ ሆኖ ይጫንበታል።

አሮጌ የአይሱዙ አክስል (ጎማዎቹ የሚገጠሙበት ዘንግ) ከነባሌስትራው፣ ማለትም ከነብረት ንጣፍ ሞላው አመጣሁ፣ ሻሲውን በወፍራም ቱቦላሬ (ባዶ የብረት ቱቦ) ሠሩት። ብየዳቸው ያኮራል፤ ሳይቆራረጥ ዞሮ ይገጥማል፣ በእጅ ሲዳሰስ እብጠት የለውም። ቅር ያለኝ የአክስሉ ቦታ ነው። ልክ መሃል ላይ ስላስገቡት፣ የመጀመሪያ ቀን ስንጎትተው ጅራቱ ግራ ቀኝ ይወራጭ ጀመር። ከክብደቱ ከመቶ 10 እስከ 15 ያህሉ መጎተቻው ላይ ማረፍ አለበት፤ አክስሉ ወደ ኋላ ይሂድ ብዬ መለስኩት። ዋናው በያጅ «ጋሼ፣ ጥፋቱ የኛ ነው» አለና ሳያስከፍለኝ 40 ሳንቲሜትር አዛወረው። አሁን ቀጥ ብሎ ይከተላል።

ብየዳ ቤቶቹ ፍሬቻና የኋላ መብራት አይገጥሙም፤ እሱን ለመኪና ኤሌክትሪሻን ስጡ፣ ያለ መብራት ግን እባካችሁ እንዳትወጡ። ማጨጃው የሚያርፍበትን ብረት ሳልጠይቃቸው በአሮጌ ጎማ አልብሰውልኛል፤ አንድም የማጨጃ ጥርስ አልተጎዳብኝም።