የሮዝ ቤንጋል ምርመራ፦ ብሩሴሎሲስ ባልተለመደ መልኩ ሲመጣ ምን ያህል ይታመናል?

በላቦራቶሪ ሙያ ለዓመታት ከተጠቀምኩባቸው ምርመራዎች ውስጥ ብሩሴላ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣውንና ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፈውን ብሩሴሎሲስን ለመለየት የሚሠራውን ሮዝ ቤንጋልን ያህል ቀላል የሆነ ጥቂት ነው። ከታካሚው ሴረም (ከደሙ ፈሳሽ ክፍል) አንድ ጠብታ፣ በቀለም ከተነከረው አንቲጂን (ከተገደለ ብሩሴላ ከተዘጋጀው ፈሳሽ) ደግሞ እኩል ጠብታ በነጭ ሰሌዳ ላይ ይቀላቀልና ለ4 ደቂቃ ያህል ቀስ እየተባለ ይወዛወዛል። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሚሠራቸው ፀረ እንግዳ አካላት ካሉ ወጥ የነበረው ሮዝ ፈሳሽ ጥቃቅን ጓሎች እየሠራ ይለያያል። ማሽን አይፈልግም፣ ወጪውም አነስተኛ ነው። አንቲጂኑ ከፍሪጅ እንደወጣ ሳይሆን የክፍሉን ሙቀት ካገኘ በኋላ ተነቅንቆ መሠራት እንዳለበት ግን ብዙዎች ይዘነጉታል።

ትኩሳቱ የሚመላለስ፣ ሌሊት የሚያልበውና መገጣጠሚያው የሚያመው ታካሚ ሲመጣ ምርመራው ጥሩ ይሠራል። ችግሩ በሽታው ሌላ ሕመም መስሎ ሲመጣ ነው። አከርካሪ ውስጥ ሲገባ ቲቢ ይመስላል፤ የዘር ፍሬን ሲያሳብጥ፣ አንጎልንና ሽፋኑን ሲያጠቃ ወይም የልብ ቫልቭ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ብሩሴላን ቀድሞ የሚያስብ ሐኪም ጥቂት ነው። የልብ ቫልቭ ጉዳቱ ከታማሚዎቹ ከ2 በመቶ በታች በሆኑት ላይ ቢታይም፣ በዚህ በሽታ ለሚደርሰው ሞት ዋናው ምክንያት እሱ ነው።

ወገቡን ለወራት ሲያመው የቆየ አንድ ታካሚ ከሌላ ላቦራቶሪ «ብሩሴላ የለም» የሚል ውጤት ይዞ መጥቶ ነበር። እኔ ሮዝ ቤንጋሉን ስሠራ ደቂቃ ሳይሞላ ጓጎለ። የቀድሞው ውጤት ሴረሙን በየደረጃው እያቀጠኑ ከአንቲጂን ጋር በቱቦ ውስጥ በማቀላቀል የተሠራ ሆኖ ሴረሙ የቀጠነው እስከ 1:160 (160 ጊዜ) ብቻ ነበር። ማቅጠኑን ስቀጥል መጓጎሉ በ1:640 ግልጽ ሆኖ ታየ። ፀረ እንግዳ አካላቱ ከመጠን በላይ ሲበዙ በበቂ ባልቀጠነው ሴረም ውስጥ መጓጎሉ ስለሚታገድ ነው እንዲህ የሚሆነው፤ ባለሙያዎች ፕሮዞን ይሉታል። በቆየ ሕመም ደግሞ ተጣብቀው የማያጓጉሉ ፀረ እንግዳ አካላት ቱቦውን ያታልሉታል። ሮዝ ቤንጋል ግን አሲዳማ በመሆኑ ከእነዚህ ብዙዎቹን ይይዛል። በእኔ ግምት ትልቁ ብልጫው ይህ ነው፤ ስለዚህ ቱቦው «የለም» ስላለ ብቻ የሮዝ ቤንጋሉን «አለ» መጣል ትክክል አይደለም።

ድክመቶቹን መደበቅ ግን አልፈልግም። ከሕክምና በኋላም ለረጅም ጊዜ «አለ» ማለቱን ስለሚቀጥል የዛሬውን በሽታ ከትናንቱ አይለይም። ዬርሲኒያ ኢንቴሮኮሊቲካ ኦ፡9 የተባለ ሌላ ባክቴሪያ ያሳስተዋል፤ ከውሻ የሚተላለፈውን ብሩሴላ ካኒስን ደግሞ አያገኝም። በሽታው የት እንዳረፈም አይነግርም፤ ለአከርካሪ ኤም አር አይ፣ ለአንጎል የኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ ምርመራ፣ ለልብ አልትራሳውንድ ግድ ነው። ባክቴሪያውን ከታካሚው ናሙና በካልቸር (በላቦራቶሪ ማብቀያ) ማብቀል የተሻለው ማረጋገጫ ቢሆንም አዝጋሚ ነው፤ ጥርጣሬው አስቀድሞ ካልተነገረንም ለእኛ ለባለሙያዎቹ አደገኛ ነው።

የቲቢ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ብሩሴላንም ስለሚያዳክም፣ ቲቢ ተብሎ ሕክምና የጀመረ ሰው ለጊዜው ተሽሎት ስህተቱ ተሸፍኖ ሊቆይ ይችላል። ለተራው ብሩሴሎሲስ 6 ሳምንት የሚበቃው ጥምር ሕክምናም አከርካሪ ሲነካ ቢያንስ 12 ሳምንት ይፈልጋል። ስለዚህ ወገቡን ለሚያመው ታካሚ ሮዝ ቤንጋልን ያለማመንታት እመርጠዋለሁ፤ ቱቦውንም አብሬ እስከ 1:1280 አቀጥነዋለሁ። ለአንጎል ሕመም ግን በሴረም ውጤቱ ብቻ አልተማመንም።