ለጅማ ሳሎን፦ ላሚኔት ወይስ ሴራሚክ?

ቤት የሚያሠራ ጓደኛ ሁሉ ኮርኒሱ ሲያልቅለት ይደውልልኛል። "የሳሎኑን ወለል ላሚኔት ላድርገው ወይስ ሴራሚክ?" መልሴ አንድ ነው፤ ሴራሚክ። "ላሚኔት ግን ያምራል እኮ" ይሉኛል። ያምራል። እኔም በ2015 የገዛሁት ያምራል ብዬ ነው።

ሳሎኔ 4 በ5 ነው፣ 20 ካሬ። ወለሉ ሊሾ ነበር። ያኔ ደብተር ይዤ አሰላሁ። ላሚኔቱ ከነመጠባበቂያው 22 ካሬ፣ በ950 ብር 20,900። ከሥር የሚነጠፈው ስፖንጅ 1,000። የእጅ ዋጋ 2,000። ዞኮሎ፣ ማለትም የግድግዳ ሥር ጠርዙ፣ 2,040። ድምር 25,940 ብር። ሴራሚኩ ደግሞ ከሲሚንቶው፣ ከአሸዋው፣ ከፉጋው (ከመጋጠሚያ መሙያው) እና ከእጅ ዋጋው ጋር 28,150 መጣ። ልዩነቱ 2,210 ብር። በዚያ ላይ ላሚኔቱ በአንድ ቀን ያልቃል፤ አቧራ የለ፣ ጭቃ የለ። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

ታኅሣሥ ላይ ተነጠፈ። እስከ ሚያዝያ ድረስ እንግዳ ሁሉ ጫማውን አውልቆ እየገባ አደነቀው። ከዚያ ክረምቱ መጣ። የጅማን ዝናብ ለጅማ ሰው አልነግርም፤ ሌላ ቦታ ላላችሁ ግን በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ሐምሌ መጨረሻ ላይ የመጋጠሚያዎቹ ጠርዝ አንድ በአንድ ቀና ማለት ጀመረ። እናቴ መጥታ መሀሉን ስትረግጠው "ይሄ ወለል ምን ሆኖ ነው የሚያቃስተው?" አለች።

የሆነው ይኸውላችሁ። ላሚኔት ማለት የተፈጨና የታመቀ እንጨት ነው። ላዩ ላይ የእንጨት ፎቶ የታተመበት ወረቀት አለ፤ በወረቀቱ ላይ ደግሞ ጠንካራ ሽፋን። ሽፋኑን ውኃ አይጎዳውም። ውኃው የሚገባው በመጋጠሚያው ነው፤ አንዴ ከገባ እንጨቱ ያብጣል፣ ሲደርቅም አይመለስም። እንደ ፓርኬ ፍቀው አያድሱትም፤ ከፎቶው ሥር ሌላ ፎቶ የለም። የኔ ቤት መሬት ላይ ያረፈ ስለሆነ እርጥበቱ ከታችም ይመጣ ነበር። ከስፖንጁ በፊት ላስቲክ መነጠፍ ነበረበት። ሠሪውም ግድግዳው ጋ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት አልተወም። ወለሉ ሲያብጥ የሚሄድበት አጣና መሀል ላይ ተነሳ።

ሻጩ ግን "ውኃ አይነካውም፣ ኤሲ 4 ነው" ብሎኝ ነበር። ይሄን ልብ በሉ፦ ኤሲ የሚባለው ቁጥር ሽፋኑ ግጭትና ፍትጊያ ምን ያህል እንደሚችል ነው የሚናገረው፤ ስለ ውኃ አያወራም። ካርቶኑ ላይ "12 ሚሊ ሜትር" ይላል፤ ጎረቤቴ ካለው ብረታ ብረት ቤት ወስጄ በካሊፐር ሳስለካው 10 ተኩል ወጣ። ትርፍ ቁራጩን ሳፋ ውስጥ ውኃ አድርጌ አሳደርኩት፤ ጠዋት ጠርዙ እንደራሰ ዳቦ አብጧል። ይሄን ሙከራ ከመግዛቴ በፊት ባደርገው ኖሮ! የግድ ላሚኔት የምትሉ ሰዎች ቁራጭ ጠይቁና አሳድሩት። ቁራጭ የማይሰጥ ሻጭ ጋ አትግዙ።

ደግሞ ቡናው አለ። የቡና አገር ሰዎች ነን፤ ሳሎን ውስጥ ጉዝጓዝ ይጎዘጎዛል፣ ረከቦት ይዘረጋል። እርጥቡ ሣር እስከ ማታ እዚያው ይውላል። አንድ ቀን ፍም ወደቀና የሳንቲም ያህል ጥቁር ነጥብ ትቶ ሄደ። ሴራሚክ ላይ ቢወድቅ ጠርገው ይረሱታል።

ጥገናውን ልንገራችሁ። ያበጡትን ሦስት ጣውላዎች ለመቀየር ከግድግዳው ጀምሮ መፍታት ግድ ነው፤ ሲፈታ መቆለፊያው ይሰበራል። ያው ቀለም ደግሞ ከገበያ ጠፍቷል። 1,500 ብር ከፍዬ ሌላ ቀለም አስገባሁና ምንጣፍ አለበስኩት። ሁለተኛው ክረምት ሲያልፍ ሁሉንም አስነቀልኩ።

ሴራሚኩንም ያለ ስህተት አልገዛሁትም። አዲስ አበባ በካሬ 90 ብር ይረክሳል ሲሉኝ 60 በ60፣ 16 ካርቶን፣ 23 ካሬ አስመጣሁ። 2,070 ብር አተረፍኩ ብዬ ሳልጨርስ ሁለት ካርቶን መንገድ ላይ ተሰባብሮ ደረሰ። በካሬ በ1,200 ብር ሒሳብ 3,456 ብር ማለት ነው፣ ማጓጓዣውን ሳልቆጥር። የጎደለውን እዚሁ ጅማ መርካቶ ከሌላ ሱቅ ሞላሁ፤ ማታ በመብራት አንድ ነበር፣ ጠዋት በመስኮት ብርሃን ግን አንዱ መስመር ቢጫ ብሏል። ካርቶኑ ጎን ላይ የቀለም ቁጥር አለ፤ ሁሉም ካርቶን ላይ አንድ መሆን አለበት። ሱቅ ውስጥ ሁለት ሴራሚክ ፊት ለፊት ግጠሙ፤ መሀላቸው ክፍተት ካለ ጎባጣ ነው፣ ተዉት። ጀርባው ላይ ውኃ ጠብ አድርጉ፤ ወዲያው ከጠጣው ፖርስሊን የሚባለው ውኃ የማይጠጣ ዓይነት አይደለም፣ በፖርስሊን ዋጋ አትክፈሉ።

የሚያብረቀርቀውን ለሳሎን አልመክርም፤ በእርጥብ ጫማ ያንሸራትታል። ነጭ ፉጋም አታስደርጉ። የኛ ቀይ አፈር በአንድ ክረምት ቡናማ ያደርገዋል፤ ግራጫ ይበቃል። ለሠሪው የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት እያንዳንዱን በሳንቲም አንኳኩ። ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ከሥሩ ሲሚንቶ የለውም፤ ሶፋ ሲያርፍበት ይሰነጠቃል። አንድ ካርቶን አስቀሩና አልጋ ሥር አስቀምጡ። ቢሰበር አንዱን ብቻ በመሮ አውጥቶ መተካት ነው።

"ሴራሚክ ይቀዘቅዛል" ለሚሉኝ፣ ምንጣፍ አለ። ላሚኔት ፎቅ ላይ ላለ መኝታ ቤት ይሁን፣ አልከራከርም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጓደኛዬ ደወለ። ይሄኛው እንኳ ሳይጠይቀኝ ላሚኔቱን ገዝቶታል።

"ካርቶኑን ከፍተኸዋል?" አልኩት።

"ገና ነኝ።"

"በል ደረሰኙን ፈልግ። ሱቁ ሳይዘጋ መልሰው።"