ዩኒደን ኤስዲኤስ 100፦ ከወራት በኋላም ገንዘቤ አልቆጨኝም

ወደ 700 ዶላር የሚጠጋ የእጅ ስካነር፣ ማለትም የእሳት አደጋና የመሳሰሉትን የሬዲዮ ንግግር የሚያሰማ መቀበያ ገዛሁ ስል "የ100 ዶላሩስ ምን አነሰው?" ያላለኝ የለም። መልሴ አጭር ነው። የ100 ዶላሩ አናሎግ ብቻ ስለሚሰማ፣ እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ የሚነጋገሩበትን ዲጂታል ሬዲዮ አይቀበልም።

ከዚህ በፊት የነበረኝም ዲጂታል ነበር። ግን ጥሪ ሲመጣ ድምፁ እንደተበላሸ ካሴት ይቆራረጣል። መንገዱን ትሰማለህ፣ ቤት ቁጥሩ ላይ ሲደርስ ይጠፋል። ስካነር ሻጩ "አንቴናውን በትልቅ ቀይረው" አለኝ። እስቲ ልጠይቅህ ወንድሜ፣ ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ እያየሁት ትልቅ አንቴና ምን ይሠራልኛል?

ችግሩ የሲግናል ማነስ አልነበረም። ብዙ የሬዲዮ ማሰራጫ ታወሮች ያንኑ ንግግር በአንድ ፍሪኩዌንሲ፣ በአንድ ጊዜ ይለቃሉ። ሲሙልካስት ይሉታል። በታወሮቹ መሃል ከሆንክ ያው ሲግናል በጥቂት ማይክሮ ሰከንድ ልዩነት ተደራርቦ ይደርስሃል፤ የተለመደው ስካነር መለየት ያቅተዋል። ትልቅ አንቴና ደግሞ የሩቆቹን ታወሮች ጨምሮ ይሰበስብና ጭራሽ ሊያባብሰው ይችላል።

ኤስዲኤስ 100 በ2018 ሲወጣ ለዚሁ ችግር ታስቦ የተሠራ መቀበያ ይዞ ነው የመጣው። እዚያው ሳሎኔ፣ አብሮት በመጣው አጭር አንቴና፣ ጥሪው ከነአድራሻው ጥርት ብሎ ተሰማ። እውነቱን ለመናገር ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ዛሬም ድረስ እንደዚያው ነው። ስለ ስክሪኑም ስለ ባትሪውም ብዙ የምለው የለኝም፤ ሥራቸውን ይሠራሉ።

ፕሮግራም ማድረጉን ግን ለዚፕ ኮድ (ለሰፈሩ የፖስታ ቁጥር) ብቻ አትተዉት። ዚፕ ኮድ ስታስገቡ የአካባቢውን ብዙ ነገር ያመጣል፤ ስካነሩ ሌላ ወሬ ላይ ቆሞ ሳለ የእሳት ጥሪው ሊያመልጣችሁ ይችላል። ሴንቲኔል የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር ላፕቶፕ ላይ ጫኑና የራሳችሁን ዝርዝር ሥሩ። ብዙ ቡድኖች ጥቂት ፍሪኩዌንሲዎችን በሚጋሩበት፣ ትራንክ በሚባለው ሲስተም አንድ ቡድን የራሱ ቋሚ ፍሪኩዌንሲ የለውም። መቆጣጠሪያ ቻናሉ ለእያንዳንዱ ንግግር ክፍት የሆነውን ይሰጠዋል። ስለዚህ የምትመርጡት ሲስተሙን፣ የሚቀርባችሁን ሳይት (የማሰራጫ ጣቢያ) እና የቡድኑን ቁጥር፣ ማለትም ቶክግሩፑን ነው። የጥሪውን ቶክግሩፕ አስቀድሙ። ሠራተኞቹ ቦታው ሲደርሱ የሚዞሩባቸውን ቶክግሩፖችም ጨምሩ፤ አለበለዚያ ጥሪውን ሰምታችሁ መጨረሻውን አታውቁም።

እኛ ሕንፃ ውስጥ ከአገር ቤት የመጡ እናቶችና አባቶች አሉ። የእሳት ደወል በሌሊት ሲጮህ ሁላችንም ወጥተን ውጭ እንቆማለን። "ልጄ፣ ምን አሉ?" ብለው ወደ እኔ ይመጣሉ። "አምስተኛ ፎቅ ላይ ምግብ አርሮ ነው፣ እሳት የለም" ብዬ በአማርኛ ስነግራቸው ፊታቸው ሲፈታ አያለሁ። ለእኔ ስካነሩ ዋጋውን የመለሰው እዚያ ነው።

"ሁሉንም ይሰማል" የሚላችሁን ሻጭ ግን አትመኑ። የዋሽንግተን ዲሲ ፖሊስ ሬዲዮውን ሌላ ሰው እንዳይሰማው ከ2011 ጀምሮ በምስጢር ኮድ ቆልፎታል፤ የተቆለፈ ንግግር የሚከፍት ስካነር አይሸጥም፣ መክፈቱም በሕግ ያስጠይቃል። የዲሲን ፖሊስ ለመስማት ብቻ ከሆነ ይህንንም ሌላውንም አትግዙ። እሳት አደጋና አምቡላንስ ለመስማት ከሆነ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የካውንቲያችሁ ቶክግሩፖች ክፍት መሆናቸውን አጣሩ። ክፍት ከሆኑና ሰፈራችሁ ሲሙልካስት ካለ፣ ያለማመንታት ይህንን ግዙ።