መስታወቴን ላደረቁልኝ ጋሼ

ጅማ ተቀምጬ የመኪና ማሞቂያ አሠራሁ ስል ያልሳቀብኝ የለም። "አንቺ ባሌ ተራራ ልትወጪ ነው እንዴ?" ያለኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው። እሱ የሚነዳው አዲስ መኪና ነው። መስታወቱ አልቦት አያውቅም።

የኔዋ ዲኤክስ ኮሮላ ናት፣ ከአባቴ የወረስኳት። ሞተሯ አሁንም አንደኛ ነው። የማትችለው ዝናብ ብቻ ነው። ጅማ ደግሞ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት። ዝናብ ሲመጣ መስኮት እዘጋለሁ። መስኮት ስዘጋ የፊት መስታወቱ በውስጥ በኩል ያልበዋል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ከፊቴ ያለው ባጃጅ ይሁን ላም አይለይም።

እናቴ አጋሮ ናት። መንገዱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እሁድ እሁድ እሄዳለሁ። የእህቴ ልጅ ከጎኔ ትቀመጥና ፎጣ ይዛ መስታወት ትጠርጋለች። ረዳቴ እያልኩ እቀልድባት ነበር። ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት ስንመለስ ግን መብራት ሳያበራ ዳር የቆመ አይሱዙ ላይ ልገባ አንድ ክንድ ሲቀረኝ ፍሬን ያዝኩ። ልጅቷ ፎጣዋን እንደያዘች ዝም አለች። እኔም ቤት እስክንደርስ ቃል አልወጣኝም። ቀልዱ ያን ቀን አበቃ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ አንድ ጎረምሳ የተሳፋሪውን ምንጣፍ ገለጥ አድርጎ በእጁ ጨመቀው። ርጥብ ነው። "ማሞቂያው ፈሷል፣ ዳሽቦርዱ በሙሉ መውረድ አለበት፣ ዕቃው ከአዲስ አበባ ይመጣል" አለና 38,000 ብር ጠራ። ኮፈኑን እንኳን አልከፈተም። ሁለተኛው ጋራዥ "ተይው፣ መስኮቱን ትንሽ ከፍተሽ ንጂ" አለኝ። ቢያንስ እሱ ገንዘብ አልጠየቀም።

ጋሼን የጠቆመኝ አንድ የሚኒባስ ሾፌር ነው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። ልጽፍ ፈቃድ ስጠይቃቸው "ስልኬን ካወጣሽው እሠራለሁ ወይስ ስልክ አነሳለሁ?" አሉኝ። ወደ አጋሮ መውጫ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ቆርቆሮ ዳስ ያለው ግቢ ነው። በዚያ በኩል ያሉ ባጃጆችን "የዲኤክስ ጋሼ" ብላችሁ ብትጠይቁ ይወስዷችኋል።

ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። ምንጣፉን አልነኩም። ኮፈኑን ከፈቱና "ነይ ልጄ፣ እዪ" አሉኝ። ከሞተሩ ወደ ሂተሩ፣ ማለትም ወደ ማሞቂያው፣ የሚገቡት ሁለት የጎማ ቱቦዎች እዚያ መሆን ነበረባቸው። የሉም። በቦታቸው አንድ አጭር ቱቦ እንደ ፈረስ ኮቴ ታጥፎ ከሞተሩ ወጥቶ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። አንድ ሰው፣ መቼ እንደሆነ እንጃ፣ ሂተሩን ከነጭራሹ ዘሎት ነው የሄደው።

"እንግዲህ ንገሪኝ" አሉ ጋሼ፣ "ውሃ የማይደርሰው ነገር እንዴት ብሎ ያፈሳል?"

ያን 38,000 ብር ልከፍል እንደነበር ሳስበው አሁንም ላብ ያጠምቀኛል።

ታዲያ ምንጣፉን ያረጠበው ምንድነው? ጋሼ አንድ ጆግ ውሃ አስመጡና ከዝናብ መጥረጊያው ሥር ባለው ፍርግርግ ላይ ቀስ አድርገው አፈሰሱት። ውስጥ ተቀምጬ ሳይ ውሃው ከዳሽቦርዱ ሥር ጠብ፣ ጠብ ይላል። መኪናዬ የምታድረው አቮካዶ ዛፍ ሥር ነው። በዚያ ፍርግርግ በኩል ነው ንጹሕ አየር ወደ ውስጥ የሚገባው፤ የዝናቡን ውሃ ወደ ታች የሚያወርድ ቀዳዳም አለው። ቀዳዳው በበሰበሰ ቅጠል ተደፍኗል። መውጫ ያጣ ውሃ ደግሞ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። ርጥብ ምንጣፍ ይዤ መስኮት ስዘጋ ያ ርጥበት የት ይሄዳል? መስታወቱ ላይ ነዋ።

ቅጠሉን የሚያወጣው ትንሽ እጅ ያለው ልጅ ነው፤ ሥራ የሚማር አንድ ታዳጊ አላቸው። ከቅጠሉ ኋላ ደግሞ ከብሎወሩ (ከአየር ማራገቢያው) ቤት ውስጥ የአይጥ ጎጆ ወጣ። የወንበሬ ስፖንጅ፣ የሶፍት ቁራጭ፣ የላስቲክ ገመድ። ልጁ በሁለት እጁ ይዞ "እንኳን ደስ አለሽ፣ ተከራይ ነበረሽ" አለኝ። ማራገቢያው በመጨረሻው ፍጥነት ብቻ የሚሠራውም በዚሁ መዘዝ ነው። ዝቅ ባሉት ፍጥነቶች ኤሌክትሪኩ መጀመሪያ ኃይሉን በምትቀንስ አንዲት ትንሽ ሬዚስተር ውስጥ ያልፋል፤ በመጨረሻው ላይ ግን እሷን ሳይነካ በቀጥታ ነው የሚሄደው። ሬዚስተሯ የምትቀዘቅዘው በሚነፍሰው አየር ነው። ጎጆው አየሩን ሲያፍንባት ተቃጠለች። ጋሼ ከተፈታታ አሮጌ ኮሮላ የወጣ አንድ ነበራቸው፣ 800 ብር አስከፈሉኝ።

ዋናው ሥራ ሂተሩ ነው። ውስጡ አንዲት ትንሽ ራዲያተር አለች፤ የሞተሩ ሙቅ ውሃ በእሷ ሲያልፍ ብሎወሩ አየር ይነፋባታል፣ ያ ነው የሚያሞቀው፣ መስታወቱንም የሚያደርቀው። አባቴ ነፍሳቸውን ይማርና ለብዙ ዓመት ራዲያተር የሚሞሉት በቧንቧ ውሃ ነበር። እኔም እንደዚያው። ጋሼ በመውጫዋ በኩል ውሃ በቀስታ ለቀቁባት፣ ወደ ኋላ መሆኑ ነው። የወጣው ነገር ቀይ አፈር የተበጠበጠበት ይመስላል። አንድ ሰዓት ሙሉ፣ እስኪጠራ ድረስ። ቀጥሎ ውስጡ የሚያሳይ ላስቲክ ቱቦ ሰክተው ውሃ ሞሉና ከፍታውን በእስክሪብቶ ምልክት አደረጉበት። "ነገ እናየዋለን" ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በነጋታው ውሃው ምልክቱ ላይ ነበር። የምታፈስ ነገር አልነበረችም። ሁለቱን ቱቦዎች መልሰው ገጠሙላት።

ሌላም ነገር ተገኘ። የቴርሞስታቱን፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋውን ዕቃ፣ ቤት ሲፈቱት ባዶ ነው። ይሄኛውን እኔ አውቀዋለሁ። አባቴ አንድ ጊዜ የጊቤን ቁልቁለት ወርደው ሽቅቡን ሲወጡ ሞተር ሞቀባቸውና አንድ መካኒክ "ይሄ ነው ጠላትዎ" ብሎ አውጥቶ ጣለላቸው። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በወጉ ሳይሞቅ ነው የሚሠራው። ቤንዚን ይበላል፣ ሂተሩም ለብ ያለ አየር ነው የሚሰጠው። በ82 ዲግሪ የሚከፈት አዲስ ገጠሙልኝ፣ ራዲያተሩንም ግማሽ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ግማሽ ውሃ ሞሉት። "ጊቤ ላይ ሞተር ከሞቀብሽ ሂተሩን እስከ ጥጉ ክፈቺው፣ ብሎወሩንም ጨምሪው። አንቺ ትቃጠያለሽ፣ ሞተሩ ይተርፋል። ከዚያ ዳር ይዘሽ ቁሚ። የራዲያተሩን ክዳን ግን ሳይበርድ እንዳትነኪው" አሉኝ።

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ። ዳሽቦርዱ ላይ አየሩ ከውጭ እንዲገባ ወይም ውስጥ ለውስጥ እንዲዞር የሚያደርግ ማንሻ አለ። እኔ በበጋ አቧራ ምክንያት ወደ ውስጥ ለውስጥ ገፍቼው ለዓመታት ረስቼዋለሁ። የራሳችንን ትንፋሽ ነበር እያዞርኩ መስታወቱ ላይ የምነፋው። ጋሼ ማንሻውን በአንድ ጣት መለሱትና ምንም አላሉኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሙከራው ነው ያሳቀኝ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር አራት የግቢውን ልጆች ጠሩ። ሁሉም ርጥብ ናቸው። መኪናው ውስጥ አጨቋቸውና "መስኮት ሳትከፍቺ ጅሬን ወጥተሽ ተመለሺ" አሉኝ። አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ አምስት ሆነን፣ ልብሳቸው እየተነነ፣ አንደኛው በቆሎ እየበላ ወጣን። መስታወቱ ከታች ጀምሮ እየጠራ ሄደ። ላይ ስንደርስ ከተማዋ በዝናቡ ውስጥ ትታየኝ ነበር። ከኋላ ያለው ልጅ "እትዬ፣ ትንሽ ቀንሺው፣ ሞቀን" አለኝ። በዚያች መኪና ውስጥ ይህን ቃል ሰምቼ አላውቅም።

ለእጃቸው 3,500 ብር፣ ከዕቃው ጋር ሲደመር 6,900 ብር ከፈልኩ። ያወጡትን አሮጌ ዕቃ ሁሉ በፌስታል አድርገው ሰጡኝ፤ ጎጆው ሲቀር።

እንከን አላቸው። ሁለት ቀን ያሉት አራት ቀን ሆነ። ስልክ አያነሱም። ግቢው በክረምት ጭቃ ነው፣ ቦቲ ጫማ አድርጉ። ዓርብ ከሰዓት ለጁምዓ ይዘጋሉ፣ ከስምንት ሰዓት በፊት አይመለሱም። ደግሞ ያስተምራሉ። ካልወደዳችሁ መኪናችሁን ትታችሁ ሂዱ፣ ካለዚያ ቱቦ ያስነኳችኋል። እኔን አስነክተውኛል፤ ሁለቱም ቱቦዎች እኩል ሲሞቁ ውሃው እየዞረ ነው፣ አንዱ ሙቅ አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ የሆነ ቦታ ተዘግቷል።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ረዳቴም ሥራ አጥታለች፣ አሁን ከኋላ ወንበር ላይ ትተኛለች።

የቀረኝ የግራው የኋላ በር ነው፣ ሲዘጋ ይጮሃል፣ ሥሩም ዝጓል። ጋሼን ጠይቄያቸው "እሱ የኔ ሙያ አይደለም" አሉኝ። ጅማ ውስጥ እጁ ጥሩ የሆነ የላሜራ ሠራተኛ የምታውቁ ጠቁሙኝ።