ከሌጎስ ኢባዳን በባቡር፦ ከአምስት ስንት?

ነጥቡን አስቀድሜ ልናገር፤ እስከ መጨረሻው የማታነቡ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለባቡሩ ከአምስት አራት። ለጣቢያዎቹ ቦታ ከአምስት ሁለት። ሐዲዱን ላስጨረሰው ለቀድሞው የናይጄሪያ ትራንስፖርት ሚኒስትር ለሮቲሚ አማኤቺ ስንት እንደምሰጥ ለመወሰን ግን ኢባዳን ደርሼ መመለስ ነበረብኝ።

ያደግኩት ድሬዳዋ ከዚራ ነው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ እኛ ቤት ሰዓት የሚቆጠረው በባቡር ነው፤ «ሊቶሪናው ሳይገባ ትምህርት ቤት ድረስ» እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ስለዚህ ባቡር ስሳፈር መጀመሪያ የማየው ወንበሩን ሳይሆን ከሥር ያለውን ነው። ለአንድ ሳምንት ሥልጠና ናይጄሪያ ስላክ ባልደረቦቼ ስለ ገበያውና ስለ ባሕር ዳርቻው ሲያወሩ እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ባቡሩ ቅዳሜ ይሠራል?» ይሠራል።

የጠዋቱ ባቡር በእኛ አቆጣጠር ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል። ያረፍኩት ሌኪ ስለነበር አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ ቆሜያለሁ። በስልክ የጠራሁት ታክሲ ሃያ ደቂቃ አርፍዶ መጣና ስልኩ ከሚያሳየው በላይ ጠየቀኝ። በዚያ ሰዓት ምን ልከራከር? ከፈልኩ። የሌጎስን የመኪና መጨናነቅ የአገሩ ሰው «ጎ ስሎ» ይለዋል፤ ቅዳሜ ማለዳ በመሆኑ ግን ወደ 12 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን የሰርድ ሜይንላንድ ድልድይ ሳንቆም አለፍነው።

መነሻው ኤቡቴ ሜታ ያለው የሞቦላጂ ጆንሰን ጣቢያ ነው። ትልቅ ነው፤ በጣም ትልቅ። የእኛን የለቡ ጣቢያ ያየ ሰው የዚያ ወንድም መሆኑን ሳይነግሩት ያውቃል። ወንድሙም ነው፤ ይህን መስመር የሠራው የቻይናው ሲሲኢሲሲ ከሚኤሶ እስከ ጅቡቲ ያለውን ሐዲዳችንንም የዘረጋ ኩባንያ ነው። ኤቡቴ ሜታ ራሱ የድሮው የእንግሊዞች ባቡር ሠፈር ነው። ያ ጠባቡ ሐዲድ ኢባዳን የደረሰው በ1901 እንደ ፈረንጆች ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ወራትም ሁሉ እንደ ፈረንጆች ናቸው)፤ ድሬዳዋ በባቡር ምክንያት ከመቆርቆሯ አንድ ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። ይህን ሳውቅ ትንሽ ቀናሁ።

ሦስት ማዕረግ አለ። በ2021 ሥራ ሲጀምር አንደኛ ማዕረግ 6,000፣ ቢዝነስ 5,000 ናይራ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጨምሯል፣ ናይራውም እንደ ብራችን ወርዷል። የእኔ ምክር ዝቅተኛውን ቁረጡ ነው። ለሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ከዚያ በላይ የሚከፈልበት ምክንያት አልታየኝም፤ ማቀዝቀዣው ይሠራል፣ ወንበሩ ንጹሕ ነው። ሹራብ ያዙ፤ ማቀዝቀዣው የሌጎስን ሙቀት የሚበቀልለት ነው የሚመስለው።

ተነሳን። በናፍጣ ነው የሚሄደው። የእኛ አዲሱ በኤሌክትሪክ ስለሆነ አይሸትም፤ ይህኛው ግን ሲነሳ የልጅነቴ ሽታ አፍንጫዬ ድረስ መጣ። ርቀቱ 157 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሐዲዱ ጥንድ ነው፤ ተመላሹን ባቡር ለማሳለፍ ሜዳ ላይ ቆሞ መጠበቅ የለም። ብርጭቆ ውኃ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ፈተንኩት፤ አልፈሰሰም። አባቴ ቢሰማ «ማን አነጠፈው?» ይል ነበር።

ማን አነጠፈው የሚለውን እዚያው ባቡሩ ላይ ነው ያነሳሁት፤ ምክንያቱ የጣቢያዎቹ ስም ነው። ሞቦላጂ ጆንሰን የሌጎስ ክፍለ ግዛት የመጀመሪያው ወታደራዊ ገዥ ነበሩ። ቀጥሎ አጌጌ፣ በባባቱንዴ ፋሾላ ስም፤ እሳቸው ሌጎስን ስምንት ዓመት ገዝተው በ2015 የኤሌክትሪክ፣ የሥራና የቤቶች ሚኒስትር ሆኑ። ቀጥሎ አግባዶ፣ በላቲፍ ጃካንዴ ስም፤ እሳቸውም ገዥ የነበሩ፣ ኋላ በሳኒ አባቻ ዘመን ሚኒስትር የሆኑ። መጨረሻው በኦባፌሚ አዎሎዎ ስም ነው፤ የምዕራብ ክልል መሪ የነበሩ፣ ኋላ የአገሪቱን ገንዘብ ሚኒስቴር የያዙ። በመካከል አቤኦኩታ ላይ እንዳሉት እንደ ደራሲው ወሌ ሶይንካ ያሉ ባይኖሩ ኖሮ መስመሩ የሹመት መዝገብ ነው የሚመስለው። የጃካንዴው ደግሞ ያስቃልም ያሳዝናልም። ሰውየው በ1983 ለሌጎስ የከተማ ባቡር ጀምረው ነበር፤ በ1985 የሰረዘው የሙሐማዱ ቡሃሪ ወታደራዊ መንግሥት ነው። በ2021 ይህን መስመር ሪባን ቆርጠው የመረቁት ፕሬዚዳንት እነዚያው ቡሃሪ ናቸው።

የማይገኘው ስም የሮቲሚ አማኤቺ ነው። እሱም ገዥ ነበር፣ እሱም ሚኒስትር ሆነ፣ ሐዲዱንም ያስጨረሰው እሱ ነው። ከፊት ለፊቴ የተቀመጡትን ሴትዮ ስለ እሱ ጠየቅኳቸው። ኢቶኩ ገበያ አዲሬ የሚባለውን ቀለም የተነከረ ጨርቅ ሊገዙ ወደ አቤኦኩታ የሚሄዱ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። እዚያ አገር ትልቅ ሴት ስታናግር መጨረሻው ላይ «ማ» ካላልክ እንደ ባለጌ ትቆጠራለህ፤ እኔም አልኩ። ሳቁና «ለእኛ ሐዲድ ዘረጋ፤ ለአገሩ ልጆች ግን ምሰሶ ተከለ» አሉኝ።

ምሰሶው የት ነው ካላችሁ ፖርት ሃርኮርት። አማኤቺ የሪቨርስ ክፍለ ግዛት ሰው ነው፤ ከ1999 ጀምሮ ስምንት ዓመት የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ነበር። ገዥ የሆነው ግን በፍርድ ቤት በር ነው። በ2007 የፓርቲውን የውስጥ ምርጫ ካሸነፈ በኋላ ፓርቲው በሌላ ሰው ተካው፤ በእሱ ቦታ የገባው ሰው አሸንፎ አምስት ወር ያህል ከገዛ በኋላ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ትክክለኛው እጩ አማኤቺ ነው» ብሎ ወሰነ። በምርጫው ቀን ያልተወዳደረ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እስከ 2015 ገዛ። በዚያ ዘመን ነው ፖርት ሃርኮርትን በምሰሶ ላይ በተዘረጋ አንድ ሐዲድ በሚሄድ ባቡር እሞላለሁ ብሎ የጀመረው። ጥቂት ርቀት ተሠርቶ ቆመ። ተተኪው ኒየሶም ዊኬ፣ ቀድሞ የአማኤቺ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የነበረ በኋላም ዋነኛ ባላንጣው የሆነ፣ አልነካውም። ዊኬም ስምንት ዓመት ገዝቶ ዛሬ የአቡጃ ሚኒስትር ነው፤ መዝገቡ አይዘጋም።

በአንጻሩ ሚኒስትር አማኤቺን ተመልከቱ። ከአቡጃ ካዱና ያለው 186 ኪሎ ሜትር በ2011 በሌላ መንግሥት የተጀመረ ነው፤ በ2016 ሥራ ጀመረ። የኢታክፔ ዋሪው ግንባታ በ1987 ተጀምሮ ሲንከባለል የኖረ ነው፤ በ2020 ተመረቀ። ይህ እኔ የተሳፈርኩበትም ቢሆን በ2006 ከተፈረመው የሌጎስ ካኖ ውል የተቆረሰ ነው፤ ቁፋሮው በመጋቢት 2017 ተጀምሮ በሰኔ 2021 ተመረቀ። ወጪው 1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ፣ አብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተበደሩት። ሰውየው የግንባታውን ቦታ በየጊዜው እየዞረ ተቋራጩን ይነዘንዝ ነበር፤ ባቡር የሚሠራው ደግሞ በንዝነዛ ነው፣ አባቴን ጠይቁ። እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ራሱ በገዥነት የጀመረውን የጨረሰለት የለም፤ ሌሎች የጀመሩትን ግን በሚኒስትርነት ጨረሰ።

ተቺዎቹ የሚሉትንም ሰምቻለሁ፤ ልክ ነው ብዬም አስባለሁ። ለካኖና ለጎረቤት ኒጀር ማራዲ ሰፊው ዘመናዊ ሐዲድ ሲታቀድ፣ ከገዛ አገሩ ከፖርት ሃርኮርት የሚነሳው የምሥራቁ መስመር የደረሰው የድሮው ጠባቡ ሐዲድ ጥገና ነው። የነጋዴዋ ቀልድ ይህንንም ይነካል።

ፉርጎው ውስጥ መሣሪያ የያዙ ፖሊሶች ያልፋሉ። መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ ኋላ ገባኝ። በመጋቢት 28 ቀን 2022 የአቡጃ ካዱናው ባቡር በታጣቂዎች ተጠቅቶ ቢያንስ ስምንት ሰው ሞተ፤ ከስልሳ በላይ ታፍኖ ተወሰደ፤ አገልግሎቱ እስከ ታኅሣሥ ተቋረጠ። አማኤቺ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ለፕሬዚዳንትነት ሊወዳደር ሚኒስትርነቱን ለቀቀ። በፓርቲው ምርጫ 316 ድምፅ አግኝቶ ሁለተኛ ወጣ። 1,271 ያገኙት ቦላ ቲኑቡ ናቸው፤ የቀድሞ የሌጎስ ገዥ፣ በዚሁ መስመር የወደብ ጫፍ አፓፓ ያለው ጣቢያ በስማቸው የተጠራላቸው። እሱ ባስጨረሰው ሐዲድ ላይ ስሙ የተጻፈለት ሰው አሸነፈው።

የጣቢያው ቦታ ላይ ሁለት የሰጠሁበትን ልንገራችሁ። ባቡሩ የሚያደርሰው ኢባዳን ሳይሆን ሞንያ ነው፤ የከተማው ሰሜን ዳር። ዱግቤ ገበያ ለመድረስ ሌላ መኪና ይዞ ጥሩ ጉዞ መጓዝ ያስፈልጋል። ይህንንም አውቀዋለሁ። የድሮው ባቡር ድሬዳዋ ከዚራ እምብርት ላይ ያወርድ ነበር፤ አዲሱ ጣቢያችን ከከተማው ውጭ ነው፣ ባጃጅም አይገባውም ያለ ሰው አይሳሳትም። ከቻይና ባንክ ብድር ጋር የመጣ ልማድ ይሁን የመሬት ካሳን መሸሽ፣ ሁለቱም አገር ላይ ያው ነው።

ኢባዳን ላይ አማላና ግቤጊሪ የሚሉትን ወጥ በላሁ፤ ጣት ያስቆረጥማል፣ ግን የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም።

ለሚኒስትሩ ከአምስት ሦስት ተኩል ሰጥቻለሁ። ገዥውን ብቻ ብትጠይቁኝ ሁለት ነበር።

ለምትሄዱ፦ ከሰዓት በኋላ ያለው ተመላሽ ባቡር በእኛ አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ ከሞንያ ለመድረስ ከመሀል ከተማ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ውጡ። ስትሄዱም ስትመለሱም በጉዞው አቅጣጫ ግራ መስኮቱን ያዙ፤ ፀሐይዋ ሁለት ጊዜም በቀኝ ነው የምታቃጥለው።